የዶክተር ኢተፋ ሁለት በጎች

ዶክተር ኢተፋ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሴት ወሬዋን ሳትጨርስ ሳቅ ቀደማት። ገበያ መግቢያው ላይ አግኝታኝ፣ «ሲስተር ብርሃኔ፣ አልሰማሽም? ዶክተር ኢተፋ እኮ አረፉ» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስታብስ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ልደግፋት እጄን ብዘረጋ፣ ለካስ እየሳቀች ነው። «ይቅር በይኝ፤ ያኔ ሊያክሙኝ መጥተው መጀመሪያ አልጋዬን ሲዞሩት ትዝ ብሎኝ ነው» አለች። እኔንም ያዘኝ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች መርዶ ላይ ቆመን ስንስቅ ያየ መንገደኛ ምን ብሎ እንዳማን እንጃ።

ጊንጪ የነበረው ለቅሶም እንደዚያው ሆነ። አልቃሽ አንድ ግጥም ታወጣለች፣ ድንኳኑ ያለቅሳል፤ ወዲያው ደግሞ ከጥግ አንዱ «እኔን እንኳ አንድ ቀን…» ብሎ ይጀምርና ሳቁ ይፈነዳል። እህታቸው ልትቆጣ ብድግ ብላ ነበር። ጨዋታውን ስትሰማ ግን ተመልሳ ተቀመጠችና የራሷን ጨመረችበት። እኔ እዚያ ያልተናገርኩት አንድ ታሪክ አለኝ፤ በድንኳን ወሬ የሚያልቅ ስላልሆነ ይዤው ወደ አምቦ ተመለስኩ።

በደርግ ጊዜ በከተማችን ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነበርኩ። ከዶክተር ኢተፋ ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መቀስ አቀብያቸዋለሁ፣ ተጣልቻቸዋለሁ፣ ታርቄያቸዋለሁ። ከደንዲ ገበሬ ተወልደው ውጭ አገር ቀዶ ሕክምና ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጠር፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ ነው፤ ድምፃቸው ወንዝ ማዶ ካለ ሰው ጋር የሚያወሩ ያስመስላቸዋል። ከበሽተኛ ጋር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ። ሲናደዱ ደግሞ በተማሩበት አገር ቋንቋ ይሳደባሉ፤ ትርጉሙን ስለማናውቀው ማንም አይቀየማቸውም ነበር።

ምንም ነገር ሳይዞሩ አይነኩም። በሽተኛ ሲቀርብላቸው አልጋውን ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ዙር ይዞሩታል፤ ከዚያ ነው እጃቸውን የሚዘረጉት። ጋሪ ሲጠሩ እንኳ ጋሪውን ከነፈረሱ ይዞሩታል። ባለጋሪዎቹ ለምደዋቸው፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ሊገዙት ነው?» ይሏቸዋል። «በየት እንደምወጣ ለማየት ነው» ይላሉ እሳቸው፤ ከዚያ ሁልጊዜ በሚወጡበት በግራ በኩል ይወጣሉ።

አንድ ቀን ሰልችቶኝ፣ «ዶክተር፣ ይህን ዙረት ምን ይሉታል?» አልኳቸው።

«አየሽ ብርሃኔ፣ መቁረጥማ ሉካንዳ ቤትም ይቆርጣል። የኛ ሥራ መግቢያ መምረጥ ነው። አገር ሁሉ መንገድ አለው፤ መንገድ ያጣ ሰው ነው አዝመራ የሚረግጠው» አሉኝ።

ይህ ነገር የምር የገባኝ በሰሚራ ጊዜ ነው።

ሰሚራ የነስሩ ልጅ ናት። ነስሩ ከደቡብ መጥቶ አምቦ ሱቅ የከፈተ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የኔም የሠርግ ቀሚስ ከሱ የተገዛ ነው። እናቷ አራስ ስለነበረች ልጅቷን እሱ ነው አዝሎ የሚያመላልሳት። ገና ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ጉንጯ የሚሰረጉድ፣ ባየችው ሁሉ የምትስቅ ልጅ ናት። ሆዷ ግን ከታች በኩል ተነፍቷል፤ ሰገራ አስቸግሯታል፣ ሽንቷ በየጊዜው ድርቅ ይላል፣ በቱቦ እያወጣን እንሸኛታለን። አዲስ አበባ ተልካ ነበር፤ ተራዋ ከክረምት በኋላ ነው ተብላ ተመለሰች። ሽንት ደግሞ ክረምት እስኪያልፍ አይጠብቅም።

ዶክተር ኢተፋ አልጋዋን ዞሩና ራጇን በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ጭራ አጥንቷ ፊት ለፊት፣ ከአንጀቷ ጀርባ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። አብሯት የተወለደ ነው፤ እሷ ስታድግ እሱም አደገና ፊኛዋንም አንጀቷንም ወደፊት ገፍቶ ረገጣቸው።

«መጀመሪያ ግን» አሉ ጓንት እያጠለቁ፣ «ይህ ከረጢት ከአከርካሪዋ ጋር የሚገናኝ እንዳይሆን። ከተገናኘ እኛ አንነካውም። በአንጀቷ በኩል በጣቴ ይዤው ልጅቷ ስታለቅስ ከተወጠረ፣ ይገናኛል ማለት ነው። በሉ አስለቅሱልኝ።»

አስለቅሱልኝ! ሌላ ልጅ ነጭ ልብስ ገና ሲያይ ጣራ ይነቅላል። ሰሚራ ግን ወይ ፍንክች! እኔ ተቆጣኋት፤ እጇን ዘርግታ ጉንጬን ዳበሰችኝ። ነስሩን «አንተ ገስጻት» አልነው። «ሰሚራ! ዋ!» ብሎ ጀመረና ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀሰው እሱ ሆነ። ጌታቸው ዓይኑን አፍጥጦ ጎንበስ አለባት። ጌታቸው የሰመመን ባለሙያችን ነው፤ በሠርግም በቀብርም ያው አንድ ፊት ያለው ኮስታራ ሰው። እሷ ግን ከሁሉም በላይ የሳቀችው በሱ ነው።

ዶክተር ኢተፋ ጣታቸውን እንዳደረጉ ድንገት ቀና አሉ። «ቆይ፣ ሳቅም እኮ ሆድ ይገፋል! ጌታቸው፣ ጨፍር!»

«ምን?»

«ረገዳ! ቶሎ!»

ጌታቸው እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ምን ያድርግ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ያንን ኮስታራ ፊቱን እንደያዘ፣ በከባድ ጫማው መሬቱን እየደበደበ አንገቱን ማሽከርከር ጀመረ። ሰሚራ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ነስሩም እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ዶክተር ኢተፋ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ «አልተወጠረም! ጨምር ጌታቸው! አልተወጠረም!» እያሉ ጮኹ። ኮሪደር ላይ የነበረ በሽተኛ ሁሉ በር ላይ ተኮልኩሎ ነበር።

አንዱ ጭንቅ ተነሣልን፤ ትልቁ ግን ቀረ። በየት እንግባ? በሆዷ በኩል ከገባን የከረጢቱ አናት ይታያል፤ ሥሩ ግን ከጭራ አጥንቷ ጋር ተጣብቆ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ከኋላ ከገባን ሥሩ ፊት ለፊታችን ነው፣ አናቱ ግን አይታይም። ከረጢቱ ሳይፈነዳ ሙሉውን መውጣት አለበት፣ የጭራ አጥንቷ ጫፍም አብሮ መነሣት አለበት፤ ቅሪት ከተረፈ ተመልሶ ያድጋል። በግራና በቀኙ ደግሞ ሽንትና ሰገራን የሚያዙ ነርቮች አሉ፤ የክር ያህል የቀጠኑ።

«ጣቴ አናቱን የነካ መሰለኝ» አሉ ዶክተር ኢተፋ፤ «መሰለኝ ብሎ መንገድ ግን የለም።» ነስሩን አስቀምጠው ሳይደብቁ ነገሩት። «ልጅህ ከኦፕራሲዮኑ ትወጣለች ብዬ አምናለሁ። የምፈራው ሌላ ነው። እነዚያን ነርቮች ከጎዳሁ ሽንቷን መቋጠር አትችልም። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ታጥቃ ትኖራለች።»

ነስሩ ልጁን ወደ ራሱ አስጠጋ። ልጁ ጭኑ ላይ ሆና የሸሚዙን ቁልፍ ትፈታለች። ነጋዴ ነውና ሰው ፊት እንዲህ መሆን አይወድም ነበር፤ ያን ቀን ግን «ትምህርት ቤት ማን አጠገቧ ይቀመጣል?» ሲል ድምፁ ተሰበረ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።

በማግስቱ ዶክተር ኢተፋ ዘበኛችንን ኦቦ ደጋጋን ጠርተው፣ «ኦቦ፣ ሆላ ጋሪ ና ባርባዳ» ሲሏቸው ሰማሁ። ጥሩ በግ ይፈልጉልኝ ማለታቸው ነው። ድግስ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካስ ሊለማመዱበት ነው! በጉ ታርዶ ፊኛው ይወጣል፤ ልጆች ሆነን ነፍተን እንደምንጫወትበት ፊኛው በውሃ ይሞላና ዳሌው ውስጥ፣ ጭራ አጥንቱ ላይ ይሰፋል። ከዚያ ሳይፈነዳ ለማውጣት መሞከር ነው።

«በግ ኦፕራሲዮን ክፍሌ አይገባም!» አልኩ።

«አሮጌው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይበቃናል። የተጣሉትን መቀሶች አምጪ።»

«ዶክተር፣ በግና ልጅ አንድ ነው?»

«በግ ልጅ አይደለም፤ እጃችን ግን ያው እጃችን ነው። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ምን እንደሚይዝ ይማር።»

ወሬው ነስሩ ጆሮ ገባና እየሮጠ መጣ። «ዶክተር፣ በልጄ ስም በግ ሲታረድ እኔ ቆሜ ልይ? በጉን እኔ አመጣለሁ፣ እኔው ባርኬ አርደዋለሁ።»

ኦቦ ደጋጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ ካረደው እኛ እንዴት እንበላለን?»

«እናንተ ካረዳችሁት እኔ እንዴት እበላለሁ?» አለ ነስሩ። ማንም አልተቆጣም። ያገራችን ነገር ነው፤ ሠርግም ሲሆን ሁለት ድስት እንጥዳለን።

ዶክተር ኢተፋ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እሰይ! ሁለት በግ ነው የሚያስፈልገኝ! አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ!»

የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ በጎቹ በግቢው በር ሲገቡ አይቶ፣ «ጓድ ዶክተር፣ ይህ በየትኛው እቅድ ውስጥ የተያዘ ነው?» ሲል ጠየቃቸው። «በጓድ ሰሚራ እቅድ ውስጥ» ብለውት አለፉ። በኋላ እሱም መጥቶ ከኛ ድስት በልቷል።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ነስሩ የራሱን ቢስሚላህ ብሎ አረደ፣ ኦቦ ደጋጋም የኛን አረዱ። የፊት የፊቱ ወደየድስቱ ሄደ፤ የኋላ የኋላው ከነላቱ ማጠቢያው ክፍል ገባ። የነስሩን በግ ከፊት፣ የኛን ከኋላ ልንሞክር ተስማማን።

በነስሩ በግ ጀመርን። በሆዱ በኩል አናቱን ጥሩ አድርገን አየነው፤ ሥሩ ጋ ስንደርስ ግን እጅ አልገባ አለ፣ ሳብ ሲያደርጉት ፊኛው ፈንድቶ ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ። ወደኛው ዞርን። ከኋላ ለመግባት ላቱን ማንሣት ሊያስፈልግ ነው። ኦቦ ደጋጋ በር ላይ ሆነው፣ «ያ ጎፍታ፣ ጌታዬ! ላቱን ተዉልኝ! ሌላውን እንዳሻችሁ አድርጉት!» እያሉ ለመኑ። ላቱ ተነሣ፣ ሥሩ ተፈታ፣ አጥንቱም ወጣ፤ አናቱ ግን ጨለማ ውስጥ ቀረ፤ አልደረስንበትም።

ዶክተር ኢተፋ ደማቸው ሞቀ። የኛን በግ ገልብጠው ከፊት ገቡበት፤ ከኋላ የተፈታው ፊኛ አሁን ዝም ብሎ ወደ ላይ መጣላቸው። ፊኛውን ጠግነው፣ ሞልተው፣ የነስሩን በግ ደግሞ እንደ አዲስ ከኋላ ጀምረው በፊት ጨረሱት። ያም ሙሉውን ወጣ! «ከኋላ ፍቺ፣ አናቱ እምቢ ካለ ገልብጪ፣ ከፊት ውሰጂ!» እያሉ እኔን ይሁን ራሳቸውን እንጃ፣ ያስተምራሉ። ማን ልጅቷን እንደሚገለብጥ፣ ማን ጨርቅ እንደሚቀይር፣ ጌታቸው የመተንፈሻ ቱቦውን በየት በኩል እንደሚይዝ በበጎቹ ላይ ደጋገምነው።

ሲያልቅ ነስሩ አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣ «የኔ የትኛው ነው?» አለ።

ሁላችንም ጠረጴዛውን አየን። ሁለቱም ከፊትም ከኋላም ተቀደዋል፤ ሁለቱም ላት የላቸውም፤ ሁለቱም በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍነዋል። ዶክተር ኢተፋ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞሩት፣ ሁለተኛም ዞሩት። በሕይወቴ ዞረው መልስ ሲያጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ላቶቹም ባንድ ሳፋ ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ኦቦ ደጋጋ ሳፋውን አይተው እንደ ሐዘንተኛ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«በቃ ለጅብ ነው» አለ ነስሩ፤ «ጅብ ማን አረደው ብሎ አይጠይቅም።» ብሎ ሳቁን ለቀቀው። ሰሚራ ከታመመች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። የቀረውን ሥጋ እሱና ዘመዶቹ ከነሱ ድስት፣ እኛም ከኛ ድስት፣ ባንድ ግቢ ሣር ላይ ተቀምጠን በላን።

የበጎቹ ወሬ ካቺሲ ከተማ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ፣ ከሳምንታት በኋላ አንድ ገበሬ የታመመች ላሙን እየነዳ የሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰ። ኦቦ ደጋጋ ሊመልሱት ሲሟገቱ ዶክተር ኢተፋ ወጥተው ላሟን አንድ ዙር ዞሯት። «ወደ ከብት ሐኪም ውሰዳት፤ በዚያውም እርጉዝ ናት፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብለው ሸኙት።

ከዚያች ቅዳሜ ቀጥሎ በነበረው ሰኞ ጠዋት ሰሚራ በነስሩ ትከሻ ላይ ሆና መጣች። ጌታቸው አስተኛት። በሆዷ አስተኝተን ዳሌዋን ከፍ አደረግን። ዶክተር ኢተፋ ከኋላ፣ ከጭራ አጥንቷ ሥር ገቡ። እኔን «አንቺ ጣትሽን ከውስጥ አድርገሽ የአንጀቷን ግድግዳ ጠብቂልኝ፤ ስቀርብብሽ ንገሪኝ» ስላሉኝ፣ ጣቴ ላይ መቀሱ ሲቃረብ ይሰማኛል፤ «ቀረቡኝ» እላለሁ፣ ይርቃሉ። የአጥንቷን ጫፍ አነሡ፤ ከረጢቱ ከሥሩ ቀስ እያለ ተፈታ። ያን ትልቅ የገበሬ እጅ ያየ ሰው እንዲህ ለስላሳ ይሆናል ብሎ አይገምትም።

ከዚያ ቆሙ። «አናቱ አልመጣም» አሉ።

ጣታቸውን ወደ ላይ ሰደዱ፣ መለሱ። ሳብ ቢያደርጉት ይመጣ ይመስላል፤ ቢፈነዳስ? ነርቩ ቢበጠስስ? ግንባራቸውን ጠረግኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ዱባን ሞ ፉልዱራን?» አሉኝ። ከኋላ ወይስ ከፊት ማለታቸው ነው።

«ሁለቱም» አልኩ።

ጨርቅ ሞልተን ከኋላ ሸፈንናት። ማንም ትእዛዝ አልጠበቀም፤ ጌታቸው ቱቦውን ያዘ፣ እኔ ዳሌዋን፣ አንዲት ሌላ ነርስ እግሯን፤ ልጅቷ ባንድ ትንፋሽ ተገለበጠች። አዲስ ጨርቅ፣ አዲስ ጓንት፣ አዲስ መግቢያ። በሆዷ በኩል ትንሽ ከፍተው ፊኛዋን ወደፊት፣ አንጀቷን ወደ ጎን አደረጉ። ብርቱካን የሚያህለው ከረጢት ሳይፈነዳ፣ እያብለጨለጨ፣ መዳፋቸው ላይ መጣ። ጌታቸው እንኳ ፈገግ አለ፤ ምስክር ነኝ።

ይህ ሁሉ ግን ግማሹ ነው። ነርቮቿ ደኅና መሆናቸውን የሚያውቅ ከሰሚራ በቀር ማንም አልነበረም። ቁስሏ እስኪጠግግ ሽንቷ በቱቦ ሲወርድ ቆየና አንድ ጠዋት ቱቦውን አወጣሁላት። ከሥሯ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ። ካፈሰሰች፣ መቋጠር አትችልም ማለት ነው። ጭራሽ እምቢ ካላትም ነርቩ ሞቷል ማለት ነው። ውሃ አጠጣናት፤ ሻይ አጠጣናት።

ያን ጠዋት የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ በዚያ ክፍል በኩል መንገድ አገኘ። ነስሩ ሙስበሃውን እየቆጠረ ግድግዳ ተደግፏል። ጌታቸው መስኮት የሚጠግን መስሎ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ኦቦ ደጋጋ የበሩን ጥበቃ ትተው እዚያው ናቸው። ዶክተር ኢተፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ልጅቷን ያዋራሉ፤ ዓይናቸው ግን አንሶላው ላይ ነው። አንሶላው ደረቅ ነው። እኩለ ቀን ሆነ፣ አሁንም ደረቅ ነው። ሆዷን ዳሰስኩት፤ ፊኛዋ ሞልቷል። ዶክተር ኢተፋ ፊቴን አይተው መልሱን አወቁ። የፊታቸው ቀለም ሲጠፋ አየሁ። ቱቦውን መልሼ ላስገባ ትሪውን አነሣሁ።

ሰሚራ ትሪውን አየችና የዶክተር ኢተፋን ጆሮ በእጇ ሳብ አድርጋ አንሾካሾከች። ሹክሹክታዋ ግን ኮሪደር ድረስ ይሰማል።

«ሽንቴ መጥቷል።»

«ምን አልሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«ከጠዋት ጀምሮ መጥቷል። ሰው ሁሉ እያየኝ እንዴት ልሽና?»

ዶክተር ኢተፋ እንዲያ ሲዘሉ አይቼ አላውቅም። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ጌታቸው ውጣ! ነስሩ አንተም! ፖፖ አምጡ!» ፖፖውን አኖርኩላት፣ ደግፌ አስቀመጥኳት፤ እኔንም በእጇ ገፍታ «አንቺም» አለችኝ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ቀዶ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ዘበኛ፣ ነርስ፣ ሁላችን ጆሯችንን በሩ ላይ ለጥፈን ቆምን። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ የቆርቆሮው ፖፖ ጮኸ፤ አንዴ ቆመ፣ እንደገና ቀጠለ፤ እሷው እያዘዘችው ነው። ነስሩ እዚያው ኮሪደሩ ላይ በግንባሩ ወድቆ ሰገደ። ኦቦ ደጋጋ ወንድነታቸውን ረስተው እልል አሉ። ዶክተር ኢተፋ ፊታቸውን በእንባ አርሰው በሩን ሊከፍቱ እጀታውን ያዙ።

«አትግቡ!» አለች ሰሚራ ከውስጥ። «ገና አልጨረስኩም!»

ዶክተር ኢተፋ እጃቸውን ከእጀታው ላይ ቶሎ አነሡ። «እሺ እመቤቴ» አሉ፤ «ቀስ ብለሽ፤ አንቸኩልም።»